ማይኩ ዝም ያለ ዕለት

በመሥሪያ ቤታችን ስሜን በትክክል የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ማይኩ» ነው የሚለኝ። ማይክሮፎን አንዴ እጄ ከገባ በልመናም በግልምጫም አይወጣምና ስሙ አይበዛብኝም። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ድምፅ ማጉያው ቢዘጋም፣ እኔ የሞተውን ማይክ አፌ ላይ ደግኜ ንግግሬን እስከ መጨረሻው ተወጣሁት። ከኋላ የተቀመጡት አንድም ቃል እንዳልሰሙ የነገሩኝ ሻይ ላይ ነው። ከፊት የተቀመጡት በኋለኞቹ ሲቀኑ እንደዋሉ ደግሞ ቆይቼ ሰማሁ።

የምሠራው የንግድ ውድድር ባለሥልጣን ውስጥ ነው፤ አሠልጣኝ ነኝ። የባለቤቴ አጎት መሥሪያ ቤቱ የሩጫና የኳስ መስሏቸው፣ የስታዲየም ትኬት እንደነፈግኋቸው ቂም ይዘው ሞቱ። ሥራችን ግን ሌላ ነው። ነጋዴዎች ገዢውን ለመሳብ እንዲሻሙ እንጂ በገዢው ላይ እንዳይመክሩ እንጠብቃለን። አንዱ ገበያውን ብቻውን ጠቅልሎ ሌላውን እንዳያንቅ፣ ብዙዎቹም ተስማምተው አንድ ዋጋ እንዳይቆርጡ እናያለን። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሁለት መስመር አይሞላም። እኔ ግን ግማሽ ቀን አወራዋለሁ።

ስቀጠር ባለሥልጣን የሚባል ነገር አልነበረም። በንግድ ሚኒስቴሩ ምድር ቤት፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ በሯ ላይ «የዋጋ ጉዳይ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሱቅ ለሱቅ እየዞርን «ዋጋ ለምን አልለጠፍክም?» እንላለን። ባለሱቁ እኛ ፊት ይለጥፋል፣ ስንወጣ ይልጠዋል። ከዚያ አዋጅ ወጣና ክፍሏ ኮሚሽን ሆነች። ቀጥሎ የሸማች ጥበቃን ደረቡብንና ስማችን ከመርዘሙ የተነሣ ማኅተም ቀራጩ «ይኼ ስም ክብ ውስጥ አይገባም» ብሎ መለሰን። ኋላ ደግሞ ያን ቀነሱልንና ባለሥልጣን ሆንን። ሰሌዳ ጻፊያችን በእኛ ስም መለዋወጥ ልጆቹን አሳድጎ ድሯል። ያን ሁሉ ዘመን ሰሌዳውን እንዲጽፍ ሌላ ሰው አወዳድረን አለማወቃችን ትዝ ያለኝ በቅርቡ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኛ ነን።

ለብዙ ዘመን ጥርስ የሌለው አንበሳ ነበርን። ጥፋተኛ እንጠራለን፣ ቁጭ አድርገን እንመክራለን፣ እሱም አመስግኖን ይሄድና ጥፋቱን ከቆመበት ይቀጥላል። ጥርስ ያበቀልነው የአሁኗ ዋና ዳይሬክተራችን ከመጣች ወዲህ ነው። ከእኔ በዕድሜ ብዙ የምታንስ የሕግ ባለሙያ ናት። ከዓመት ገቢ ላይ የሚቆረጥ ቅጣት በሕጉ ውስጥ አስገባች። ከቅጣቱ ጋር የምሕረት አንቀጽ አመጣች፤ ዋጋ ከቆረጡት መካከል ቀድሞ የመጣና አንዲት ነገር ሳይደብቅ የተናገረ ከቅጣቱ ይድናል፣ የዘገየ ይከፍላል። «ዱለተኞች እስከ መጨረሻው የሚተማመኑ ቢሆን ኖሮ እኛ እንጀራ አንበላም ነበር» ትላለች። ይህን አንቀጽ እንደ ልጄ ወደድኩት፤ በየአዳራሹ ስተርከው አንዳንዴ ድምፄ ይቆራረጣል።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ፤ ያለ እሷ እኔ የለሁም።

እናትና አባታችን ያለፉት እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ታላቅ እህቴ ናት ያሳደገችኝ። ሴት መሪ ስትጨብጥ መንገደኛው ቆሞ በሚያይበት ዘመን ታክሲ ነዳች። በኋላም አንድ ያረጀ መኪና ገዝታ፣ በተሳፋሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬንና ፍሪሲዮን አስገጠመችና ሰው መንዳት ማስተማር ጀመረች። የእኔ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ጀማሪዎች ባቃጠሉት ፍሪሲዮን የተገዛ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ዛሬ የራሷ ማሠልጠኛ አላት። ሁለት መኪና፣ አንድ የቆርቆሮ ቢሮ፣ አሮጌ ጎማዎች የተደረደሩበት ሜዳ፤ በቃ ይኸው ነው። ልጅ አልወለደችም። ያላት ያ ሜዳና እኔ ነን፤ ከሁለታችን ደግሞ የጠቀማት ሜዳው ነው።

ባለፈው ዓመት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ባለቤቶች ማኅበር «ስለ ንግድ ውድድር አስተምሩን» ብሎ ጠየቀን። እትዬም አባል ናት። እኔ እሷ ፊት ቆሜ ንግግር ለማድረግ ዕድሜ ልኬን ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሸሚዜን አስተኩሼ ከች አልኩ።

ሥልጠናው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ነጋዴ በነጋዴ ላይ ስለሚሠራው ደባ ነው፤ ስም ማጥፋት፣ የሌላውን ምልክት መስረቅ፣ የሐሰት ማስታወቂያ። ሁለተኛውና ዋናው፣ ተስማምቶ ዋጋ መቁረጥ ክልክል መሆኑን የሚያስረዳው ነው። በመጀመሪያው ላይ ሞቅ አለኝ። «እርስ በርስ አትበላሉ!» አልኩ። «ጤናማ ባልሆነ ውድድር አንሳተፍም በሉ!» አልኩ። አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ ሲጨበጨብልኝ ይብስብኛል። እትዬ ከፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ፈገግ ስትል ሳያት ሰዓት የሚባል ነገር ከነጭራሹ ከአእምሮዬ ወጣ። አስተናጋጆቹ ምሳ ደርሶ ሳህን ማንኳኳት ሲጀምሩ እኔ ገና ከደባው አልወጣሁም ነበር። የቀረችኝን ጥቂት ደቂቃ ምን ላድርጋት? ዋናውን ክፍል ዘለልኩና የምወደውን የምሕረት አንቀጽ ተረክኩላቸው። «ቀድሞ የመጣ ይድናል! አንዲት ነገር የደበቀ ግን ምሕረቱን ያጣል!» ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩት። ከምን እንደሚድን ግን አልነገርኳቸውም።

ከምሳ በኋላ የማኅበሩ ሊቀመንበር ተነሣ። «አምስተኛ» ነው የሚሉት፤ ንግግርም ሆነ መኪና በአምስተኛ ማርሽ ካልሆነ አያስነሣም። «ከዛሬ ጀምሮ በዋጋ አንበላላም! አንድ ዋጋ፣ አንድ ቤተሰብ!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ በዚያ ሰዓት ጥግ ላይ ከፎቶ አንሺው ጋር በየትኛው ጎኔ ብነሣ እንደሚያምርብኝ እየተመካከርኩ ነበር። ጭብጨባውን ስሰማ ለእኔ መስሎኝ እጅ ነሣሁ። አልበቃ ብሎኝ አብሬ አጨበጨብኩ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ወራት አለፉና አንድ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ የምርመራ ክፍል ኃላፊው፣ ቃል በግራም መዝኖ የሚያወጣው ሰው፣ ከየማሠልጠኛው በር ላይ የተነሡ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ዋጋው ሁሉም ጋ አንድ ነው፤ ያውም ከቀድሞው እጅግ ጨምሮ። ማስታወቂያውም አንድ ዓይነት ነው። ከግርጌው በትልልቅ ፊደል «ጤናማ ባልሆነ ውድድር አንሳተፍም!» ተብሎ ተጽፏል።

«እንዲህ ዓይነት ድፍረት አይቼ አላውቅም» አለ ኃላፊው።

ዓረፍተ ነገሩን የት እንደማውቀው ለማስታወስ ብዙም አልተቸገርኩም። ግን «ቃል የማንም ነው፤ ሌላ ሰውም ሊለው ይችላል» ብዬ ራሴን አጽናናሁና በዚህ በኩል ዝም አልኩ። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ ግን የእትዬ ቆርቆሮ ቢሮ አለ። እሱን ዝም ማለት አይቻልም። የሥጋ ዘመዱ የተጠረጠረ ሠራተኛ ወዲያው መናገር አለበት፤ ይህንንም ለሠራተኛው ሁሉ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። እጄን አነሣሁ። ለመነሣት የፈጀበትን ጊዜ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

«ይኼኛው የእህቴ ነው» አልኩ።

ዋና ዳይሬክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጥሩ አደረጉ። ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነዎት። ምርመራውን በሚመጣው ሳምንት እንጀምራለን። እስከዚያ ለእህትዎ አንዲት ቃል እንዳይወጣዎት። አንዲት ቃል። ይችላሉ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዱማ ሳቁን ሳል አስመስሎ ዋጠው።

«እችላለሁ» አልኩ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔና ትራሴ ነን የምናውቀው። ቅጣቱ ሁለት መኪና ላላት ሴት የዕድሜዋን ልፋት ይዞ የሚሄድ ነው። አምስተኛ ይከፍልና ይቀጥላል፣ መኪናው ብዙ ነው። የእትዬ ሜዳ ግን ይዘጋል። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። «ነገ ጠዋት ሄደሽ ተናገሪ» ብላት ትድናለች። ከአፌ የሚወጣው ይኼ ብቻ ነው፤ እኔ በአንድ ትንፋሽ ከዚህ የበለጠ አወራለሁ።

ባለቤቴ ነገሩን ከፊቴ አነበበችው። ዝርዝሩን ባልነግራትም እትዬ ችግር ውስጥ እንዳለች ገባት።

«ያሳደገችህ እህትህ ዓይንህ እያየ ስትወድቅ ዝም ልትል ነው?» አለችኝ።

«ሕግ ነው።»

«ዕድሜ ልክህን ስትለፈልፍ ኖረህ፣ ልክ ወሬህ ለሰው በሚጠቅምበት ቀን ሕግ ትዝ አለህ?»

መልስ አልነበረኝም። እኔ መልስ ሳጣ ያየችኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለነበር እሷም ደነገጠች።

እሁድ እትዬ ጋ ምሳ መብላት የተለመደ ነው፤ ብቀር ደግሞ ይባስ ይጠረጠራል። ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልኩ ለራሴ ሰበክሁ። ገና ሳልቀመጥ እንደ ልማዷ ጀመረች።

«እሺ፣ መሥሪያ ቤት እንዴት ነው? ማንን ቀጣችሁ?»

«ይኼ ዝናብ ግን…» አልኩ።

«ምን ሆነ ዝናቡ?»

«ዘንድሮ ዘገየ።»

ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ያቺ ዳይሬክተራችሁስ? ባለፈው ስለሷ ጀምረህ መች ጨረስክልኝ?»

«ደህና ናት። ደመና ግን አለ።»

«አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች፤ ልጅ ሆኜ ስታመም እንደምታደርገው። እጇ ሻካራ ነው፤ ዘመኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የኖረ እጅ። እዚያው ላፈርጠው ምንም አልቀረኝም። «እትዬ፣ ነገ ጠዋት…» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ውኃ ጠጣሁበት። ደግሜ ጠጣሁ። ለእሷም ፈራሁ፣ ለራሴም ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ለየትኛችን ይበልጥ እንደፈራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስወጣ በር ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ በዓይኗ ሸኘችኝ። ያንለት ወደ ቤቴ የገባሁት ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ነው፤ ሕግን አስከብሬአለሁ፣ እህቴንም ገድያለሁ ብዬ።

በነጋታው ገና ኮቴን ሳላወልቅ ዋና ዳይሬክተሯ አስጠራችኝ። የምርመራ ኃላፊውም አብሯት አለ። ፊታቸው ለመቆጣትም ለመሳቅም ያልወሰነ ሰው ፊት ነው።

«ለእህትዎ ነግረዋቸዋል?» አለችኝ።

«ሞቼ እገኛለሁ! አንዲት ቃል አልወጣኝም!»

«አውቃለሁ። እሳቸውም እንደዚያው ነው ያሉት። ዛሬ በራችን ሳይከፈት ቆመው ነው ያገኘናቸው።» ኃላፊው የእትዬን ቃል እንዲያነብ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «ወንድሜ ቤቴ መጥቶ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሳያወራ ወጥቶ አያውቅም። ትናንት ግን ስለ ዝናብ አወራኝ። አሁን መቼም ስለ ዝናብ ምን ያውቃል? እኔን የሚመለከት ነገር ቢኖር ነው ዝም ያለው ብዬ አሰብኩ። ምን አጠፋሁ እያልኩ ሳሰላስል አንድ ዋጋ መቁረጣችን መጣልኝ። ቀድሞ የመጣ ይድናል ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ መጣሁ።»

ደስታ ወረረኝ። እትዬ ድናለች! ዳይሬክተሯ ግን እጇን አነሣች።

«ይቀራል» አለች።

ኃላፊው ገጹን ገለጠ። «ሐሳቡን ማን አመጣው ተብለው ሲጠየቁ፦ ወንድሜ ነው። እርስ በርስ አትበላሉ ብሎ ያስተማረን እሱ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቃልም የእሱ ነው። ዋጋውን ስንወስን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ እጅ ነሥቶ አጨበጨበልን።»

እትዬ ማጨብጨቤን እንኳ አልማረችኝም! አፍ ሲከፈት ራስ ይታያል ይላሉ፤ የእኔን ራስ ይኸው አደባባይ አወጣችው።

«ስለ ማስታወቂያው ቃል ባለፈው ሰኞ ያውቁ ነበር?» አለችኝ ዳይሬክተሯ ቀስ ብላ።

«ጠርጥሬ ነበር» አልኩ።

«ለእህትዎ ዝም በማለትዎ የሚቀጣዎት አንቀጽ የለኝም፤ ስለ ማስታወቂያው ዝም በማለትዎ ግን አለኝ» አለች።

ከአሠልጣኝነት ተነሣሁ። አሁን የአቤቱታ ስልክ ተቀባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ፤ እንደዚህ ቅጣት በልኬ ልክክ ብሎ የተሰፋልኝ ልብስ እንኳ የለም። ከእትዬ በቀር የማኅበሩ አባላት ተቀጡ፤ አሳሳቹ የራሱ የባለሥልጣኑ ሠራተኛ በመሆኑ ግን ቅጣቱ ተቀነሰላቸው። አዲሶቹ አሠልጣኞች ደግሞ ዛሬ ዋናውን ክፍል መጀመሪያ ያስተምራሉ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ዕድገት ያበረከትኩት ይኼ ነው፣ በስሜ ባይጠራም።

ለጥቂት ቀናት እትዬን ማየት አቃተኝ። አኩርፌ ነው። ለእሷ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ እሷ አሳልፋ ሰጠችኝ ብዬ። ባለቤቴ እየሳቀች «ታዲያ አንዲት ነገር የደበቀ ምሕረቱን ያጣል ያልከው አንተ አይደለህ? ልትደብቅህ ነበር?» ስትለኝ ኩርፊያዬ ተነነ። ለስንቱ ሺህ ሰው ካስተማርኩት ውስጥ በትክክል የገባው ለአንድ ሰው ነው፤ ያቺም ሰው እህቴ ናት። ምን ልበል? ኮራሁባት።

ሜዳው ላይ አገኘኋት። ጎማዎቹ መሐል ቆማለች፤ ጠቁራለች። የማኅበሩ ሰዎች ሰላምታ ከልክለዋታል። ከዚህ በፊት ምሳዋን ከጎረቤት ማሠልጠኛ ሴቶች ጋር ነበር የምትበላው፤ አሁን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። ዋጋዋን ወደ ቀድሞው መልሳለች። አምስተኛ በንዴት ከእሷ በታች አወረደ፣ ሌላው ደግሞ ከእሱ በታች።

«አሁን ሁሉም በየፊናው ነው» አለችኝ። «ዕድሜህን የጨረስክለት ነገር ይኼ ነው?»

«አዎ፣ ይኼው ነው።»

«ደስ አይልም።»

«አይልም» አልኳት። አንድ ሙሉ ንግግር ነበረኝ፤ አልጀመርኩትም።

መኪናው ውስጥ አንዲት ወጣት መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ተቀምጣለች። የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት። ከማጠቢያው ወጥታ የሆቴሉን እንግዶች በመኪና ማመላለስ ነው የምትፈልገው።

«ይቺን ልጅ ታያታለህ?» አለች እትዬ። «ዋጋ በጨመርን ሰሞን መጥታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አመስግና ዞራ ሄደች። ከእኔ ብትወጣ የትም ብትሄድ ያው ዋጋ መሆኑን እያወቅሁ፣ በዚህ በር ስትወጣ አየኋት።»

ወደ ልጅቷ ዞር አልኩ።

«ወንድሟን ከሰሰች ይሉኛል። እኔ ግን ይቺን መንገዱን እስክትሻገር ማየቴ ነው እንቅልፍ የነሣኝ» አለችና በሩን ከፍታ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች። እግሯን ሁለተኛው ፍሬን ላይ አሳረፈች።

«በይ እናቴ፣ አንደኛ አስገቢ። ቀስ ብለሽ፣ ማንም አይቸኩልም» አለቻት።